ስልጆው ውስጥ የጨመርኩት

ጠርጣራ ነኝ። ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ከዚያም ግማሹን ያሳለፍኩት ፈተና ስጠብቅ ነው ማለት ይቻላል። እጅጌው ውስጥ ወረቀት የደበቀ ልጅ ገና ከበር ሲገባ አካሄዱ ያስታውቀኛል። ስኳር ሲመዘንልኝ ሚዛኑን እንጂ ነጋዴውን አላይም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ሳልነግር ያለፈ ዓመት የለም፤ ተማሪዎቼም በሌለሁበት በዚሁ ተረት ይጠሩኝ እንደነበር አውቃለሁ። ይኸው ጠባዬ ልጄ ሲታመም ምን እንዳሠራኝ ነው የምጽፈው።

የታመመው ሁለተኛው ልጄ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ «ቅኔ እማራለሁ» ብሎ ደብረ ወርቅ ሄደ። አባቱ ሞቶ ነበር፤ እኔም ተቆጥቼ ተቆጥቼ ሲደክመኝ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘሁት። ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ አንድ ጠዋት ክስት ብሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣

«እማዬ፣ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው አለ?» አለኝ።

ብቅ ብዬ አየሁ። መንገዱ ላይ ጭነቷን የጣለች አንዲት አህያ ብቻ ነበረች።

«ማንም የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ያን ጊዜ ገባ። ውኃ ስሰጠው ግን ደፍቶ ራሱ ቀዳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያው እኔ ሆንኩ። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ሲዶልቱበት ይሰማዋል። ግን ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ ይመጣና ይጠይቀኛል። «እማዬ፣ ይኼ እውነት ነው?» እኔም ሽንኩርቴን እየላጥኩ፣ «አይደለም፣ ልጄ፤ ሕመምህ ነው» እለዋለሁ። ተመልሶ ይቀመጣል። አንዳንድ ጊዜ በቀን ሃያ ጊዜ ይጠይቀኝና እበሳጫለሁ። «አንዴ ነገርኩህ እኮ!» ብዬ የጮኽኩበት ቀን አለ። የሁለቱን ጆሮዎቹን ምስክርነት ትቶ የእኔን ቃል ማመኑ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

እኔ ደግሞ በፋንታዬ ሰው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ጀመርኩ። በአገራችን የቅኔ ተማሪ አእምሮው እንዲገለጥለት አብሾ የሚሉትን የቅጠል መድኃኒት ይጠጣል ይባላል፤ የበዛበት ደግሞ ያብዳል ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አብረውት በአንድ ጎጆ ያደሩትን ተማሪዎች ነው። ቀጥሎ ከአማኑኤል ከተማ ማር ያመጣችልንን የባለቤቴን ወንድም ሚስት ጠረጠርኩ፤ አባቱ የተወውን መሬት አስባ ይሆናል አልኩ። ማሩን ለጎረቤት ውሻ አቀመስኩት። ውሻው አንድም ነገር አልሆነም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ማር የሚሰጥ ሰው መስዬው ከደጄ አልጠፋ አለ። የውሻው ባለቤት፣ የጓሮ ጎረቤቴ፣ «መምህርት፣ ውሻዬን ምን አደረግሽው?» ስትለኝ እሷንም ጠረጠርኳት።

በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ወርቅ ሄድኩ። የኔታ ከጎጆአቸው ደጅ ተቀምጠው እግራቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። ተሳልሜ ሳልቀመጥ፣

«የኔታ፣ ልጄን ምን አጠጡብኝ?» አልኩ።

«ማን?»

«ጓደኞቹ ናቸዋ! እርስዎም እያወቁ።»

አልተቆጡም። መቆጣት ነበረባቸው ብዬ ይህንንም ጠረጠርኩ።

«አብሾ የሚጠጣስ አይጠፋም፤ አልዋሽሽም» አሉ። «ያንቺ ልጅ ግን እንኳን አብሾ የሰው ጠላ የማይቀምስ ነው። ከመጣ ጀምሮ ከሰው እጅ አልበላም። ቆሎውን እንኳ ራሱ ቆልቶ ነው የሚበላ። ይህን ጠባይ ይዞት መጣ እንጂ ከኛ አልለመደውም፤ እመ ብርሃን ምስክሬ ናት። አንቺ ቤት ሳለ አላየሽበትም?»

አይቻለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ የሚጠጣበትን ኩባያ ሦስት ጊዜ ያጥብ ነበር። ውኃውን ራሱ ካልቀዳ አይጠጣም ነበር። እኔ ግን ንጽሕና ወዳድ ሆነልኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼበታለሁ። ለየኔታ ይህን አልነገርኳቸውም። «ይቆዩ» ብዬ ተነሣሁ፤ በሚኒባሱም ውስጥ ሽማግሌው ጥፋቱን ወደ እኔ ለምን እንዳዞሩት ሳሰላስል ማርቆስ ገባሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለችዋ ነው።

ሆስፒታል የወሰደችው ታላቅ እህቱ ናት። ጉንደ ወይን ከተማ ታስተምራለች፤ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ፣ «ወይ ሂድ ወይ አብሬህ እዚሁ እቀመጣለሁ» ብላ ያዘችው። እዚያ አንዲት ሲስተር ጊዜ ሰጥታ አነጋገረችው። ኪኒን ተሰጠው። ሦስት ወር ያህል በደንብ ዋጠ፤ መተኛት ጀመረ፤ ጥያቄዎቹም በቀን ከሃያ ወደ ሁለት ወረዱ። አንድ ቀን የድሮ ተማሪዬን መንገድ ላይ አግኝቶ ሰላም ብሎት መጣና ነገረኝ። ይህ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ተመልሶ ዐይኑ መሸሽ ጀመረ። የፈተና ጠባቂ ነኝና አካሄዱን አየሁ። አፉን አስከፈትኩት። ምላሱን አስነሣሁት።

«እማዬ፣ ፈተና ላይ ነን እንዴ?» አለኝ። ቀልዱ ደስ አለኝ፤ ፍተሻዬን ግን አልተውኩም። ፍራሹን ሳገላብጥ ከግድግዳው ጭቃ ስንጥቅ ውስጥ የተደረደሩ ኪኒኖች አገኘሁ፤ ከላያቸው በጭቃ መርጎባቸዋል። ስጠይቀው ሰውነቱን እንደሚያስረው፣ እጁን እንደሚያንቀጠቅጠው፣ ዳዊት ሲደግም ምላሱን እንደሚይዘው ነገረኝ። አላመንኩትም። ሰበብ ነው አልኩ።

ወደ ሲስተሯ ብቻዬን ሄድኩ። «ምግብ ውስጥ ልጨምርበት?» አልኳት።

«አይሆንም፣ እናቴ» አለችኝ። «እሱ የሚፈራው ምንድን ነው? ሰው በምግቤ ውስጥ መድኃኒት ያደርግብኛል ብሎ አይደል? እርስዎ ካደረጉት ፍርሃቱን እውነት አደረጉለት ማለት ነው። ይምጣና የሚያስቸግረውን ይንገረን፤ እንቀይርለታለን። ከፈቀደ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌም አለ።»

መርፌ ስትለኝ ጠረጠርኩ። ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉብኝ ነው አልኩ። ኮሪደሩን ሳልጨርስ ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ስለ መርፌውም ስለ መቀየሩም ለልጄ አንድ ቃል አልነገርኩትም።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ከገበታችን ስልጆ አይጠፋም፤ የባቄላ ዱቄት ተማስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ቀናት የሚብላላ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ማባያ ነው። ምን ቢጨመርበት መራራውን እንደሚሸፍን የምታውቅ ሴት ካለች እኔ ነኝ። ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ አደቀቅኩት፤ ለእሱ በቀዳሁት ሳህን ላይ በትኜ አማሰልኩት።  ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

እሱ ግን ቀምሶ ቆም አለ።

«ቅመሺልኝ።»

በእኛ ወግ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ «ነገር የለበትም» ማለቱ ነው። እናቴ ሳይቀምሱ ማቅረብ ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እምቢ ካልኩ ደግሞ ነገሩ ታወቀ። በእንጀራ ጠቅሼ ጎረስኩ።

«ይመራል አይደል?»

«ሰናፍጩ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «እማዬ፣ ስልጆው ውስጥ መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ሕመምህ ነው እንዲህ የሚያስብልህ።»

ዐይኑን ከሳህኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሳህኑ አመላለሰ። ከዚያ በላ። በላና «እሺ፤ ሕመሜ ነው» አለ፤ ለራሱ ነበር የተናገረው።

ነገሩ ሠራ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፉ ተመለሰ፤ ድምፆቹም ራቁለት። ችግሩ እኔ ላይ ነበር። በየቀኑ «ቅመሺ» ይላል፤ ጉርሻው ከአንድ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ግማሽ ሳህን አደገ። እሱ በልቶ ሲረጋጋ እኔ በልቼ እፈዝዛለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ መቋሚያዬን እንደተደገፍኩ አንቀላፋሁ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሌሎች ደረት ሲመቱ እኔ ምሰሶ ተደግፌ አንኮራፋሁ። የጓሮ ጎረቤቴ ቀስ ብላ አፍንጫዋን ወደ አፌ አስጠግታ ስታሸተኝ ነቃሁ።

«ምነው፣ መምህርት? በጾም?» አለችኝ።

አረቄ የጀመርኩ መስሏት ነበር። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር ኖሬ ስጠረጠር ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያንገበግብ አየሁት። ግን ልቤን ከፍቼ አልነገርኳትም፤ «ሰውነቴ ደክሞ ነው» ብዬ አለፍኩ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴት ልጄ ለመውለድ ቤቴ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ ከእናት ቤት ነው የሚወለድ። ስምንተኛ ወሯ ነበር፤ እግሯ አብጧል፤ የሚያምራት ደግሞ ከዓለም ምግብ ሁሉ ስልጆ ነው። ለእሷ ከማሰሮው ቀዳሁላት። የወንድሟን ሳህን መድኃኒቱን አማስዬ፣ ከፍ አድርጌ፣ መደርደሪያው ላይ አኖርኩትና ጎመን ልቀጥፍ ጓሮ ወጣሁ።

የሰማሁት የሳህን መሰበር ነው፤ ቀጥሎ የልጄ ጩኸት። ሮጬ ስገባ እሷ ከአልጋው ጠርዝ ተደግፋ ሆዷን ይዛለች፤ ስልጆው ግድግዳው ላይ ተረጭቷል፤ እሱ መሐል ቤት ቆሞ፣

«አትብዪው! አትብዪው አልኩሽ እኮ!» ይላል።

የራሷ አላጠግብ ብሏት ከመደርደሪያው ያነሣችው የእሱን ሳህን ነበር። እሱ ነው ከእጇ መትቶ የጣለው።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤቴ ሁለት ጎልማሳ ልጆቿን ይዛ ደረሰች። ነፍሰ ጡር መታ ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ እኔ እንዳላልኩ ግን አውቃለሁ፤ አይደለም እንዳላልኩም አውቃለሁ። አወጡት። ግቢው በር ላይ ካለው ግንድ ጋር በጭነት ገመድ አሠሩት፤ ጠበል የሚያደርስ ባጃጅ ተጠራ። እሱ አልታገላቸውም። አንገቱን ብቻ አዙሮ፣

«እናቴን ጠይቋት! መድኃኒት ነበረበት። ለእህቴ ፈርቼ ነው። ጠይቋት!» አላቸው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልጄም አየኝ። እንደ ሁልጊዜው ነበር ያየኝ፤ እውነቱን ከአፌ እየጠበቀ።

«ታሞ ነው» አልኩ።

ይህን ቃል አልክደውም። ስንት ጊዜ ልጽፈው ብዬ ሌላ ሰበብ ስፈልግለት ቆይቻለሁ፤ ደንግጬ ነው፣ አፍሬ ነው፣ ለሴት ልጄ ፈርቼ ነው። ሁሉም አለበት። ዋናው ግን መያዝን መፍራቴ ነው። እንደነዚያ ወረቀት እንደሚደብቁ ልጆች።

ወደ ቤት ስመለስ ሴት ልጄ መሬት ቁጭ ብላ ስብርባሪውን ትለቅማለች። አንዱን አንሥታ አሸተተችው፤ በጣቷ ጠረግ አድርጋ ምላሷ ላይ ነካች አደረገችና ተፋችው። የእኔ ልጅ ናት፤ ጠርጣራ ናት።

«እማዬ፣ የእሱ ሳህን ለምን ለብቻው ከፍ ብሎ ተቀመጠ?»

መጥረጊያውን አነሣሁ።

«አልመታኝም። ሳህኑን ነው የመታው። ይኼን እበላ ነበር እኮ እኔ!» አለችና ሆዷ ላይ እጇን ጫነች።

 እሷ ላይ ሊደርስ የነበረውን፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም አሰብኩ። ያስጣለኝ ደግሞ ያ እብድ ነው ብዬ ያሳሰርኩት ልጄ ነው። ነጠላዬ እየተጎተተ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ፍቱት! እውነቱን ነው። መድኃኒቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ መምህርት፤ እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ» አለችኝ። በመጥፎ አይደለም፤ ዕንባዋ ቀርሯል። ውሸቴን ወዲያው አምነውኝ እውነቴን አላመኑኝም። «ሙች» ብል፣ ብምል፣ ብገዘት ማን ሊሰማኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው፤ አይጧ ደግሞ መሐል ቆማ እየጮኸች። በመጨረሻ ገመዱን ራሴ ፈታሁት። ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና በጥርሴ ጭምር ነው የፈታሁት። ባጃጁንም ባዶውን መለስኩት።

ልጄ ሁለት ቀን አልተናገረም። እህቱ ፊት ለፊቱ እንቁላል ትቀቅልለታለች፤ ጾም ነው ብሎ ይመልሳል፤ ድንች ትቀቅልለታለች፤ ራሱ ልጦ ይበላል። በሦስተኛው ቀን እኔ እህል ስለቅም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ከጾሙ መያዣ።»

«የመረረኝ ዕለት?»

«የመረረህ ዕለት።»

 ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«መድኃኒቱንስ እሺ፤ እንድድን ብለሽ ነው። እኔ ግን፣ እማዬ፣ ጆሮዬን ማመን ትቼ አንቺን ነበር የማምነው። ምላሴ መረረኝ፤ አንቺ ሰናፍጩ ነው አልሽኝ። ምላሴንም ማመን ተውኩ። አሁን እውነቱንና ሕመሜን በምን ልለያቸው?»

 ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ መልስ የሌለው ጥያቄ አልወድም። እህሉን እየለቀምኩ «ይቅር በለኝ» አልኩት። «እሺ» አለ። «እሺ» ማለቱ ይቅር ማለቱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩትምም።

በማግሥቱ ከእህቱ ጋር ሲስተሯ ዘንድ ሄደ። ኪኒኑ የሚያደርገውን ሁሉ ራሱ ነገራት። መርፌውን ራሱ መረጠ፤ «ብልቃጡን እያየሁት ከሆነ ግድ የለኝም» አላት አሉ። ያ እኔ የደበቅኩት መርፌ ነው አሁን በእግሩ ያቆመው። ዳዊቱን ይደግማል። ድምፆቹ አልጠፉም፤ እየመጡ ይሄዳሉ።

ሴት ልጄ ሴት ወለደች። ክርስትናዋ ሐምሌ ላይ ነበር። ከክርስትናው በፊት ባለው ቅዳሜ ሦስታችንም ቤት ነበርን፤ እኔ ዱቄት እነፋለሁ፣ እሷ ከአልጋው ላይ ሕፃኗን ታጠባለች፣ እሱ ከበሩ አጠገብ ያነባል። ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቴ ናት፤ በደንብ ሰምቻታለሁ።

ልጄ ቀና አለ።

«ሰው ጠርቷል?»

«አዎ፤ ጠርቷል» አልኩት። እውነቴን ነበር።

መጽሐፉን አጥፎ ተነሣ፤ ወደ በሩ ግን አልሄደም። እህቱ የሕፃኗን አፍ እያስተካከለች ነበርና አልሰማችውም። እኔን ሳያይ፣ እሷ ቀና ብላ እስክትመልስለት ድረስ፣ እዚያው ቆሞ ጠበቀ።